ዳንቴል የለበሰው ማሽን

አክስቴ የቤት ዕቃ ለመግዛት ስትነሳ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሱቅ አይደለም፤ ወደ ጥገና ሰፈር ነው። ሱቅማ ሁሉም ቆንጆ ነው ትላለች። ፍሪጁ ሁሉ ነጭ፣ ምድጃው ሁሉ አብረቅራቂ፣ ሻጩ ሁሉ ሳቂታ። የዕቃ ጠባይ የሚታወቀው ሆዱ ተከፍቶ ጠጋኝ ፊት ሲተኛ ነው። ስለዚህ ቦርሳዋን ታንጠለጥልና ጥገና ቤቶቹን ታዳርሳለች። የትኛው ነው ደጋግሞ የሚመጣባችሁ? ለየትኛው መለዋወጫ ይገኛል? የትኛውን ስታዩ ነው «ኧረ መጣብን» የምትሉት? እያለች ትጠይቃለች። ጠጋኞቹም ለማንም የማይናገሩትን ለእሷ ይዘረግፉላታል፤ ምክንያቱም ጠይቃ ስትጨርስ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ይሄ ደግሞ በእኛ ዘር ማንም ያልታደለው ነገር ነው።

እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የሰው ጭንቅላት ይዤ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁ፤ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ቤተሰቡ አክስቴን «ኦዲተሯ» ይላታል፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። በሥራዋ ግን ኦዲተር ሆና አታውቅም፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ታይፒስት ነበረች። ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት የጽሕፈት መኪናዋን ፊደል በፊደል በጥርስ ብሩሽ ትጠርግ ነበር ይባላል። ብሩሹ ዛሬም ከቦርሳዋ አይለይም። ለጥየቃ ሰው ቤት ሄዳ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ብድግ ትልና የሰውን ፍሪጅ ከግድግዳው ሳብ አድርጋ፣ ሶኬቱን ነቅላ፣ የጀርባውን አቧራ መጥረግ ትጀምራለች። ባለቤቶቹ ይሳቀቃሉ፤ እሷ ምን ገዷት።

የራሷ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሰው ዘሎ ምንም ነገር አይሰካም። መጀመሪያ አምፖሉ ብቻ ይበራል፤ አምፖሉ ሳይርገበገብ ረጋ ብሎ ሲቆይ ነው ሌላው የሚከተለው። ወረቀት በፍሪጁ በር መሃል አድርጋ ትዘጋና ትስባለች፤ ወረቀቱ አልወጣም ካለ የበሩ ጎማ ደህና ነው፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ ቅዝቃዜውም አብሮ እየወጣ ነው ማለት ነው። ያ ፍሪጅ በዕድሜ ከበኩር ልጄ ይበልጣል፤ ልጄ ደግሞ ጢሙን እኔው ነኝ የምላጨው። ይህን ሁሉ እያወራሁ ደንበኞቼን ስንቴ አስቄበታለሁ።

ወደ እህቴ ልምጣ። ታናሽ እህቴ ከባሏ ቤት ስትወጣ የያዘችው ልጇንና የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ነው። ባሏ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ግን እሷ መናገር ስትጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢሆን ያስቃል፤ ዓመት ካመት ሲሆን ግን አንጀት ይበላል። በመጨረሻ እቤቷ ውስጥ መናገሩን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ከወጣች በኋላ ሁለት ክፍል ተከራየች፤ ከአንድ ፔንሲዮን ጋር ተነጋግራ አንሶላና ፎጣቸውን ማጠብ ያዘች። ቀስ እያለ ድምፅዋ ተመለሰ። እንዲያውም አንድ ቀን እኔ ቤት መጥታ ከባለቤቴ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደረሰች፤ ባለቤቴ ተናደደች፣ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ማሽኑ ልብስ ነበረው። የእኛ ቤተሰብ ዕቃ ገዝቶ ሳያለብስ አያድርም፤ ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ይለብሳል። ራቁቱን የቆመ ዕቃ ያለበት ቤት ለእናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰው የሌለበት ቤት ነበር። ለእህቴ ማሽን ደግሞ እናታችን በሕይወቷ መጨረሻ ዓይኗ እየደከመ የሠራችው፣ ከላይ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ዙሪያውን ረጃጅም ዘርፍ ያለው ነጭ ዳንቴል ነበር። እህቴ ማሽኑን ስታሠራ ዳንቴሉን እስከ በሩ ገለብ ታደርገዋለች፤ ስትጨርስ ታወርደዋለች። ሲቆሽሽባት ደግሞ ዳንቴሉን ራሱን ከአንሶላዎቹ ጋር እዚያው ማሽን ውስጥ ታጥበዋለች።

አንድ ረቡዕ ማሽኑ የፔንሲዮኑን አንሶላ በሆዱ እንደያዘ ቀጥ አለ። ውሃው አልወጣም፣ በሩም አልከፈትም አለ። የጠራችው ጠጋኝ ጎኑን ኳ ኳ አደረገ፤ ጆሮውን ደቀነ፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል እህቴ። ከእንግዲህ አይረባሽም። ከፈለግሽ ለመለዋወጫ እወስድልሻለሁ» ብሎ ወጣ። የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ አንሶላ እስከ እሁድ ካልመጣ ሌላ አጣቢ እንደምትፈልግ ነገረቻት። በዚያው ቀን የባሏ እናት ነገሩን ከልጅ ልጃቸው ሰምተው ደወሉ። «ምን አንከራተተሽ የኔ ልጅ? እኛ ቤት ማሽን አለ። ልጄ እሁድ መኪና ይዞ ይምጣና ዕቃሽን ይጫን» አሏት። እህቴ እሺ አለች።

እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላት ለረዳቴ ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ የልጇን ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«ደከመኝ ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ማሽኑ ውስጥ ያልገባውን አንሶላ በእጄ ልጠበው ብዬ ሞከርኩ። ትከሻዬ አልቻለም። ልጄን ምን ላብላት?»

ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም፤ በማሽኑ፣ በጠጋኙ፣ በባሏ፣ በእናቱ፣ በቴሌቪዥኑም ጭምር። «ተነሽ!» አልኳት። «አሁኑኑ አዲስ እንገዛለን! ስመጣ አይቻለሁ፤ ትልቅ፣ ጥቁር መስታወት ያለው፣ ‹ዛሬ ብቻ› የሚል ተለጥፎበታል!» እሷ ግን ስልኳን አንስታ አክስቴ ጋ ደወለች።

«ኦዲተሯ ምን ታደርግልናለች?»

«ጋሼ፣ አንተ ዕቃ ስትገዛ ትቆጣለህ። የተቆጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ዕቃ ነው የሚገዛው።»

አክስቴ መንገድ ላይ ጠበቀችን። ወደ ሱቁ ትታጠፋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷ እቴ! ቀጥ ብላ ወደ ጥገና ሰፈር። «የምንገዛው እኮ አዲስ ነው!» አልኳት ከኋላዋ እየጮህኩ። «እኔም የማሳይህ አዲሱን ነው» አለች፣ ሳትዞር።

የገባንበት ግቢ የዕቃ ሆስፒታል ነው። ጎናቸው የተከፈተ ፍሪጆች፣ ሽቦአቸው የተዘረገፈ ምድጃዎች፣ መሬት ላይ የተበተነ ብሎን። በአንደኛው ግድግዳ ሥር ጥቁር መስታወት ያላቸው ማሽኖች ተደርድረው ቆመዋል። አየኋቸው። ደግሜ አየኋቸው። «ዛሬ ብቻ» የሚለው ወረቀት ብቻ ነው የጎደላቸው።

ዋናው ጠጋኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። አክስቴን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንደምን ዋሉ እማማ! ምን ልታዘዝ?»

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«እነሱንማ አይንኩብን» አለ እየሳቀ። «ልጆቻችንን የሚያሳድጉልን እነሱ ናቸው። መብራት ትንሽ ሲያስነጥሰው ቦርዳቸው፣ ያው አንጎላቸው፣ ይሄዳል። ቦርዱ ደግሞ ለብቻው አይሸጥም። ሰውየው ዞሮ ዞሮ አዲስ ይገዛል፤ እኛም አሮጌውን ለመለዋወጫ እንወስደዋለን።»

አክስቴ ወደ እኔ አላየችም። ብታይ ይሻለኝ ነበር፤ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር። ይልቅ እህቴን በክንዷ ያዝ አድርጋ ከጠጋኙ ፊት ለፊት ባለው ሳጥን ላይ አስቀመጠቻትና «ያንቺውስ? ከመቆሙ በፊት ምን ይል ነበር?» አለቻት።

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እህቴ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች።

«መጨረሻ ላይ ውሃ ሊያወጣ ሲል ያጉረመርማል። እምምም እያለ። ሰሞኑን ደግሞ ልብሱ ሲወጣ ጭምቅ አይልም ነበር፤ ውሃ ያንጠባጥባል።»

«ሲያጥብስ? ይሽከረከር ነበር?»

«እስከ መጨረሻው ይሽከረከር ነበር።»

«የሚሽከረከር ነገር ሞተሩ መቼ ተቃጠለ?» አለች አክስቴ፤ ጠጋኙም ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ የሚያወጣውን ይዩት እማማ። ከታች በኩል ማጣሪያ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ ወሬ አላስፈለገም፤ ታክሲ ይዘን ወደ እህቴ ቤት ገሰገስን።

አክስቴ ሥራ ስትጀምር ማየት አለባችሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለች። ነቅላ አልተወችም፤ ማንም እንዳይሰካው ገመዱን ማሽኑ ላይ ጠቀለለችው። ጫማዋን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት እጇ፣ የሕፃን ልብስ እንደሚወለቅ ቀስ አድርጋ አወለቀችውና አጣጥፋ አልጋ ላይ አኖረችው። በእጅ ባትሪዋ ከታች አበራች። በስተቀኝ ጥግ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ትንሽዬ አራት ማዕዘን ነገር አለች።

«ይህቺን ከፍተሻት ታውቂያለሽ?»

«ክዳን ናት እንዴ? እኔ ጌጥ መስላኝ» አለች እህቴ።

አክስቴ ፎጣ አነጠፈች፣ ዝርግ ሳህን ደቀነች፣ ክዳኗን በማንኪያ ጫፍ አነሳች፤ ውስጥ ያለውን ቡሽ መሳይ ነገር ቀስ እያለች ማላላት ጀመረች። ውሃው መጣ። ሳህኑ ሞላ፤ እኔ ይዤ እደፋለሁ፤ እሷ መልሳ ታጠብቃለች፤ ባዶውን ሳመጣ መልሳ ታላላለች። ካልሲዬ ረጠበ፣ ሱሪዬ ረጠበ፣ ወለሉ ላይ አንድ ሁለቴ አንሸራትቶኝ ልወድቅ ነበር። አልተቆጣሁም። የእሷን እጅ እያዩ መቆጣት አይቻልም። እጇ አይቸኩልም፣ አይሳሳትም፣ አንድ ነገር ሁለቴ አይነካም። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ባገኝ ዛሬውኑ ወንበሬን እለቅለት ነበር።

ውሃው ሲያልቅ ማጣሪያውን ነቅላ አወጣችው። የፀጉር መርፌ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የልጅቷ ፕላስቲክ ቀለበት። ከእነሱ በስተጀርባ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ ረጅም፣ ነጭ፣ የተጎነጎነ ነገር ጎተተች። ጎተተች፣ ጎተተች፤ አያልቅም። ሳህኑ ውስጥ ስትጥለው ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

«የእማዬ ዘርፍ!» አለች እህቴ።

ዳንቴሉ በታጠበ ቁጥር አንዳንድ ዘርፍ እየለቀቀ፣ ማሽኑን አንቆ ገድሎት ነበር ለካ። እህቴ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እኔም አብሬ እንደዚያው ሆንኩ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ዘርፉን በጣቷ እየለየች፣ «እናታችሁ ፍቅር ነው ያለበሰችው» አለች። «በፍቅሯ አትሳቁ። ግን ማሽን ፍቅር የሚፈልገው በዚህ በኩል ነው» ብላ ወደ ክዳኗ አመለከተች። ከዚያ በጥርስ ብሩሿ ማጣሪያውን አሽታ መለሰችው።

ሲሰካ ማሽኑ ትንሽ አመነታ። ቀጥሎ አንሶላው ይዞት የቀረው ውሃ በቱቦው ጉል ጉል እያለ ወረደ። እህቴ መዳፏን ማሽኑ ላይ አድርጋ ቆማ ታዳምጣለች። ያን ጊዜ የፊቷን ነገር እንዴት ልንገራችሁ፤ ሻንጣው አጠገቧ እንደተከፈተ ነው፤ እሷ ግን አታየውም።

«በቃ! መግዛት ቀረ!» አልኩ፣ እጄን እያፋተግኩ።

«ምን ማለትህ ነው? እንዲያውም ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን» አለች አክስቴ።

«እየሠራ?!»

«እየሠራ ነዋ!» አለች፤ አሁን ገና ተቆጣች። «ዕቃው የሞተበት ሰው ገዢ አይደለም፤ የሰጡትን ተቀባይ ነው። ቸግሮታላ! ጉድለቱ አይታየውም፣ መጠየቅ ያሳፍረዋል፣ ‹ዛሬ ብቻ› ሲሉት ያምናል። የሚሠራ ነገር ቤትሽ እያለ ነው ዓይንሽ የሚከፈተው። ይሄም ማሽን አርጅቷል፤ አንድ ቀን ያርፋል። ያን ቀን አልቅሰሽ ከምትገዢ ዛሬ እየሳቅሽ ዙሪ። ካልወደድሽ አትግዢ።» የመጨረሻውን የተናገረችው ለእህቴ ብቻ ነው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም ማለት ይቻላል።

እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለቸኮለባት ሰው ሁሉ እሺ ስትል የኖረች ናት። የሚጠብ ጫማ ገዝታ ትመለሳለች፣ ሻጩ ሊዘጋ ነው ብሏት። ሠርጓንም ቢሆን የሰውየው የዓመት ፈቃድ ሊያልቅ ነው ተብሎ በጥድፊያ ነው የደገስነው። ስለዚህ ቅዳሜ ያየሁትን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም። አክስቴ ሱቁ በር ላይ ወንበር ለምና ተቀመጠች፤ «እግሬን አሞኛል፤ አንቺ ግቢ» አለቻት። እህቴ ገባች። ይሰካና ልየው አለች። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ ዋስትናው ቦርዱን ይሸፍናል ወይስ በሩን ብቻ፣ ማጣሪያው በየት በኩል ይከፈታል? ሻጩ ማጣሪያውን ፈልጎ አጣው፤ ተንበርክኮ ፈለገ፤ አላገኘውም።

«እህቴ፣ ዛሬ ካልወሰድሽው ነገ ዋጋው ይጨምራል» አላት፣ ጉልበቱን እያራገፈ።

«እንግዲያው ይጨምር» አለችና ወጣች።

ልቤ ዘለለ። ሰው በእህቱ እንዲህ ሊኮራ ይችላል? አክስቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ከወንበሯ ተነስታ ወደሚቀጥለው ሱቅ መራችን። እስኪመሽ ዞርን፣ ምንም አልገዛንም፣ እግሬ አበጠ። ስለ እሁድ ግን እኔም አልጠየቅኳት፣ እሷም አላነሳችም። ማታ ቤቷ ስናደርሳት ሻንጣው ከአልጋው ሥር ተገፍቶ ነበር፤ ባዶ ይሁን ሙሉ አላወቅኩም።

እሁድ በጠዋት ሄጄ ተቀመጥኩ። ባሏ ፒክአፕ ይዞ፣ ገመድ ይዞ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ሌላ ቤት ነው የተስተካከለው፤ ጆሮው ጋ አበላሽተውታል። እህቴ ወንበር ሰጠችው፣ ውሃ አቀረበችለት። ማሽኑ ጥግ ላይ ራቁቱን ቆሞ የፔንሲዮኑን የመጨረሻ ዙር አንሶላ ያሽከረክራል።

«ተሠራ እንዴ?» አለ።

«ተሠራ።»

«ጎሽ፤ እሱንም እንጭነዋለን» ብሎ ለመነሳት ወንበሩን ገፋ።

«ቆይ፤ የምጠይቅህ አለ» አለችው።

«ቤት እንነጋገራለን እንጂ።»

«ከመሄዴ በፊት ነው የምንነጋገረው።»

ፈገግ አለ። «ምን ተገኘ ደግሞ? ረቡዕ ለእማዬ እሺ ብለሽ የለም እንዴ?»

«ረቡዕ ቸግሮኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ዛሬ አልቸገረኝም። ለዚህ ነው መጠየቅ የቻልኩት። ተመልሼ ብመጣ፣ ስናገር ትሰማኛለህ?»

ወደ እኔ ዞረ። «እባክህ አንተ ንገራት» አለኝ። እኔ ለዚህ ሰው የምናገረውን ስንት ዘመን ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ! መላጫ በእጄ ይዤ ለመስታወቱ ስንቴ ተለማምጄዋለሁ! አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ አንተ ዝም በል» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

አፌን ገጠምኩ። እሱ ለአንድ አፍታ እውነትም መልስ የሚፈልግ ሰው መሰለ፤ ግንባሩን አሻሸ፣ ውሃውን አንስቶ ሳይጠጣ አስቀመጠ። እህቴ ጠበቀችው። እንደዚያ ስትጠብቀው ሳያት፣ አዎ ቢላት ኖሮ ሻንጣውን ልትስበው እንደምትችል ገባኝ።

«አሁን እኮ መኪናው የሰው ነው» አለ በመጨረሻ። «ቶሎ መልስ ተብያለሁ። ተነሽና መንገድ ላይ እናወራዋለን።»

እህቴ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው መኪናውን መልስ» አለችው።

እስከ በር ድረስ ሸኘችው። ሞተሩ ተነስቶ እስኪርቅ ቆመች። ስትመለስ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ረቡዕ ማታ ቢመጣ ኖሮ እኮ ሳልጠይቀው ሄጄ ነበር።»

ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ተነስታ በሩን ከፈተችና የመጀመሪያውን አንሶላ ጫፍ አቀበለችኝ፤ ከፔንሲዮኑ ሰው ሳይመጣ መድረቅ ስላለባቸው ይዘን ወጣንና አሰጣናቸው።